የወል መሬትና የደን መዝገባችሁን በብሎክቼን ለማሰር፦ ከወሰን ዙረት እስከ ርክክብ

የወል መሬታቸውን፣ ክልክል ተራራቸውን ወይም የጋራ ደናቸውን መዝገብ «ብሎክቼን ላይ እናስቀምጥ» ብለው የሚጀምሩ ማኅበራት ብዙ ጊዜ መሀል መንገድ ላይ ይቀራሉ። ብሎክቼን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የተባዛ፣ አንዴ የገባበት ነገር የማይቀየር መዝገብ ነው። ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አይደለም። ከመጨረሻው ስለሚጀምሩ ነው። ወሰኑ ሳይዞር፣ አዋሳኙ ሳይፈርም፣ ካርታው ሳይታረም ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ። ከዚያ ወይ ፋይሉ ከማረጋገጫው ጋር አልገጥም ይላል፣ ወይ ወረዳው ካርታውን አይቀበልም። አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ተነስቶ «ቶከን እናውጣ» (በመሬቱ ስም የሚሸጥ ዲጂታል ሳንቲም ማለት ነው) ይልና ነገሩ ሁሉ የገንዘብ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ ገጠር የጋራ ደን፣ የግጦሽ መሬት ወይም ክልክል ለሚያስተዳድር ኮሚቴ ነው። ውጭ አገር ሆናችሁ የትውልድ ቀያችሁን ማኅበር የምትረዱ ከሆነም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። የምንጠቀመው መሣሪያ ኦፕንታይምስታምፕስ ይባላል። ቢትኮይን የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በሚመዘገብበት ብሎክቼን ላይ የፋይላችሁን ዲጂታል አሻራ ከነቀኑ ያሰፍራል፤ «ማሰር» የምንለው ይህን ነው። ነፃ ነው። ቢትኮይን መግዛትም ሆነ የዲጂታል ቦርሳ መክፈት አያስፈልግም።

## መጀመሪያ ይህን ተስማሙ

ብሎክቼን መሬት አይሰጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እናንተ ያላችሁ የይዞታና የመጠቀም መብት ነው። እሱን የሚያረጋግጡት የይዞታ ደብተሩ፣ የወረዳው መዝገብና ከመንግሥት ጋር የተፈረመው የደን አስተዳደር ስምምነት ናቸው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016ን፣ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ን እና የክልላችሁን ሕግ አንብቡ። ደብተር ወይም ስምምነት ገና ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

የሚሠራው አንድ ሥራ ነው። ይህ ሰነድ፣ አንድ ፊደል ሳይቀየር፣ ቢዘገይ በዚህ ቀን እንደነበረ ይመሰክራል። ትንሽ ሊመስል ይችላል። የወል መሬት ክርክር የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቃለ ጉባኤው ይጠፋል። ገጹ ይቀየራል። ወደ ኋላ ቀን የተጻፈበት ካርታ ይመጣል። ሊቀመንበሩ ሲወርድ ፋይሉም አብሮት ይሄዳል። ይህን ሁሉ መከላከል ይቻላል።

ውሸትን እውነት አያደርግም። የተሳሳተ ካርታ ካሰራችሁ፣ የተሳሳተ ካርታ እንደነበራችሁ ነው የሚመሰክረው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል እግር፣ ወረቀትና ሽማግሌ ነው። ጆርጂያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመሬት ሰነዶቿን አሻራ ቢትኮይን ላይ ስታስር እንኳ መዝገቡን የያዘው ያው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ብሎክቼኑ ምስክር ሆኖ ተጨመረ እንጂ የመሥሪያ ቤቱን ቦታ አልወሰደም።

ቶከን አታውጡ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየት ሕገወጥ እንደሆነ አስጠንቅቋል። በወል መሬት ስም ቶከን አውጥቶ ለዲያስፖራ መሸጥ ደግሞ የማይሸጠውን መሸጥ ነው። ማኅበራችሁንም መሬቱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

## የሚያስፈልጋችሁ

- ጂፒኤስ ያለው ስማርት ስልክና የኃይል ባንክ
- አንድ ላፕቶፕ፤ ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባለው ነፃ የካርታ ፕሮግራም እና ሰቨን ዚፕ የተጫኑበት
- ስካነር፣ ካልተገኘ ጥሩ ካሜራ
- ሦስት አዲስ ፍላሽ፤ ከሌላ ሰው የተዋሳችሁትን አይደለም
- ደረቅ መዝገብ፣ እስክሪቢቶ፣ የጣት አሻራ ቀለም
- ኢንተርኔት ለጥቂት ደቂቃ። ወረዳ ከተማ ድረስ ወርዳችሁ ብትሠሩትም ይሆናል

## ደረጃ 1፦ ፈቃዱን ከጉባኤው ውሰዱ

ኮሚቴው ብቻውን አይወስን። ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩ።

ከመጥራታችሁ በፊት የመሬቱን ተጠቃሚዎች አንድ በአንድ ጻፉ። የሚረሱት ሁሌም እነዚሁ ናቸው፦ በበጋ ከሌላ ቀበሌ ከብት ይዘው የሚመጡት፣ ማገዶና ሣር የሚሰበስቡት ሴቶች፣ ቀፎ የሰቀሉት፣ ከውስጡ ውኃ የሚቀዱት፣ መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች። አንዱን ትታችሁ ወሰን ብታስሩ፣ የሠራችሁት የጥበቃ መዝገብ ሳይሆን ሰው ማባረሪያ ይሆናል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ቃለ ጉባኤው ላይ እነዚህ ይኑሩ፦

1. የቦታው ስም በአካባቢው አጠራር፣ ቀበሌውና ወረዳው
2. ማን ምን እንደሚጠቀምና በየትኛው ወር
3. ወሰን የሚዞሩት ሰዎች ስም
4. ዲጂታል ቅጂ የሚይዙ ሦስት ሰዎች፤ ከአንድ ቤት ሁለት እንዳይሆኑ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን
5. ቀኑ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር

የመተዳደሪያ ደንቡን ቃል ጠበቅ አድርጉት። «በአግባቡ መጠቀም» የሚል ሐረግ ክርክር ሲመጣ ለማንም አይረዳም። በመንዝ ጓሳ ሣሩ ለዓመታት ይከለልና በጋራ ውሳኔ ሲከፈት ብቻ ይታጨዳል። የእናንተም እንዲህ ቁርጥ ያለ ይሁን፦ የሚከፈትበት ወር፣ ለአንድ ቤተሰብ ስንት ሸክም፣ ቅጣቱ ስንት ብር፣ ማን ተቀብሎ የት ያስገባዋል።

ጉባኤው ካልተስማማ፦ አትቀጥሉ። ያልተስማማችሁበትን ነጥብ መዝግቡና በሽማግሌ እስኪያልቅ ጠብቁ። ግማሹ ያልተቀበለውን ሰነድ ማሰር ጠብን ማሰር ነው።

## ደረጃ 2፦ ወሰኑን በእግር ዙሩ

ጥር ወይም የካቲት ላይ አድርጉት። ሰብል ተሰብስቧል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ የወሰን ድንጋዩ ከሣር ውስጥ ይታያል። በክረምት የዞራችሁት ወሰን በበጋ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አብረዋችሁ የሚዞሩት፦ ወሰኑን የሚያውቁ ሽማግሌዎች፣ በየአቅጣጫው ያሉ አዋሳኞች፣ የቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ፣ ከተቻለ የወረዳው ባለሙያ። ባለሙያውን በደብዳቤ ጋብዙ፤ ባይመጣ እንኳ የደብዳቤው ቅጂ ይቀመጣል።

ስልኩ ላይ መረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ጫኑ። ኮቦኮሌክት ወይም ኪውፊልድ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፦

1. ድንጋዩ ወይም ችካሉ አጠገብ ቁሙ። ስልኩን ደረት ላይ ያዙ፤ ኪስ ውስጥ አይሁን።
2. የትክክለኛነት መጠኑ ከ5 ሜትር በታች እስኪወርድ ጠብቁ። ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል።
3. ነጥቡን መዝግቡ። ቁጥርና የቦታውን ስም ስጡት፦ «7፣ ከዋርካው በታች ያለው ድንጋይ»።
4. ፎቶ አንሱ፤ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ዙሪያው እንዲታይ ከራቅ ብሎ።
5. ያንኑ በደረቁ መዝገብ ላይ በእጅ ጻፉ።
6. የዚያ ወገን አዋሳኝ እዚያው ቆሞ ይፈርም ወይም አሻራውን ያኑር።

ስድስተኛው አይዘለል። «ማታ ቤቱ ሄደን እናስፈርመዋለን» ያላችሁት ፊርማ ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ቢገኝም የፈረመው ሰው ነጥቡን አላየም።

ወሰኑ ወንዝ ከሆነ፦ «እስከ ወንዙ» ብላችሁ አትለፉ። የወንዙ መሀል ነው ወይስ የእናንተ ዳር? ጻፉት። ወንዝ ቦታ ስለሚቀይር ከዳር ገባ ብሎ ቋሚ ድንጋይ ትከሉና እሱን መዝግቡ።

ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ጂፒኤስ ከዘለለ፦ ወደ ገላጣ ቦታ ውጡና ነጥብ ያዙ። ከዚያ እስከ ማዕዘኑ ያለውን ርቀት በሜትር፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ ለክታችሁ ጻፉ።

አዋሳኙ ካልተስማማ፦ ያንን ክፍል በተቆራረጠ መስመር አስቀምጡና «ያልተቋጨ» ብላችሁ ጻፉበት። የእሱን መስመርም የእናንተንም አሳዩ። ያልተቋጨን ወሰን እንደተቋጨ አድርጎ ማሰር የሰነዱን ክብር ሁሉ ይጥላል። አንድ ዳኛ አንዱ መስመር ውሸት እንደሆነ ካየ ቀሪውንም አያምንም።

## ደረጃ 3፦ ካርታውን ከወረዳው ካርታ ጋር አስማሙ

ካርታ የሚወድቀው በብዛት እዚህ ነው። ስልካችሁ የሚሰጣችሁ ቦታ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ካርታዎችና የይዞታ ልኬቶች የተሠሩት ግን አዲንዳን በሚባለው ነው። አንዱን በሌላው ላይ ዝም ብላችሁ ብትጭኑት ካርታችሁ ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ይህ በሰው ማሳ ላይ መውጣት ማለት ነው።

1. ነጥቦቹን ከስልኩ ወደ ኪው ጂ አይ ኤስ አስገቡ። የመነሻውን ሥርዓት ኢፒኤስጂ 4326 በሉት፤ የደብሊው ጂ ኤስ 84 መለያ ቁጥር ነው።
2. ወረዳው የሚጠቀመውን ጠይቁ። አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ከሆነ ቁጥሩ ኢፒኤስጂ 20137 ነው። በደብሊው ጂ ኤስ 84 ዞን 37 ከሆነ 32637 ነው። ዞን 37 ከምሥራቅ ኬንትሮስ 36 እስከ 42 ዲግሪ ያለውን ይይዛል፤ ከዚያ በስተ ምዕራብ ዞን 36፣ በስተ ምሥራቅ ዞን 38 ነው።
3. ንብርብሩን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ላይ ነጥቦቹ ያሉበትን ገጽ፣ ወደዚያ ሥርዓት ቀይራችሁ አዲስ ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ። የንብርብሩን ስም ወይም መለያ ብቻ መቀየር ነጥቡን አያዛውረውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።
4. ነጥቦቹን በቅደም ተከተል አገናኙ፤ ስፋቱን በሄክታር አስሉ።
5. ካርታው ግርጌ ላይ ሥርዓቱን፣ የተለካበትን ቀን፣ መሣሪያውን፣ የትክክለኛነት መጠኑን ጻፉ።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ? የማይንቀሳቀስ አንድ ቦታ ምረጡ፤ ድልድይ ወይም የቤተ ክርስቲያን በር። እዚያ ቆማችሁ ነጥብ ያዙ፤ በወረዳው ካርታ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። በሌሎች ሁለት ቦታዎችም ድገሙት። ልዩነቱ በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነና ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ችግሩ የሥርዓት ነው፤ ወደ ቁጥር 3 ተመለሱ። ልዩነቱ አንዱ ጋ ብቻ ከሆነ ያ ነጥብ በትክክል አልተለካም፤ ሄዳችሁ ድጋሚ ለኩት።

ካርታውን አትማችሁ ለጉባኤው አሳዩ። ቦታዎቹ በአካባቢው ስማቸው ሲጠሩ አዋቂዎቹ ይስሙ። «ዋርካው እዚህ አይደለም» የሚል አንድ ሽማግሌ ብዙ ነገር ያድናል።

## ደረጃ 4፦ ፋይሎቹን አዘጋጁና አትንኩ

የምታስሯቸው፦ የተፈረመው ቃለ ጉባኤ፣ የመተዳደሪያ ደንቡ፣ የአዋሳኞች ፊርማ፣ ካርታው በፒዲኤፍ፣ የነጥቦቹ ጥሬ ፋይል፣ ፎቶዎቹ፣ የይዞታ ደብተሩ ወይም የደን ስምምነቱ ቅጂ።

1. ወረቀቱን ስካን አድርጉ። ማኅተሙና ፊርማው በደንብ ይነበብ። ጥግ የተቆረጠ ገጽ ካለ ድገሙት።
2. ስማቸውን በቁጥር ጀምሩ፦ 01፣ 02፣ 03። በኋላ ስም ብትቀይሩ ችግር የለውም፤ የፋይሉ ውስጥ ነው መነካት የሌለበት።
3. ሁሉንም አንድ አቃፊ ውስጥ አስገቡና «ዋና» በሉት። ለሥራ የምትከፍቱት ሌላ ቅጂ ይሁን።
4. በሰቨን ዚፕ የእያንዳንዱን ፋይል ሃሽ አውጡ። በዊንዶውስ ፋይሉን በቀኝ ቁልፍ ተጫኑ፣ ሲአርሲ ሻ የሚለውን፣ ከዚያ ሻ-256 የሚለውን ምረጡ። 64 ፊደልና ቁጥር ይወጣል።
5. ሃሾቹን ከፋይል ስማቸው ጋር በአንድ ዝርዝር ጻፉ።

ሃሽ የፋይሉ የጣት አሻራ ነው። አንዲት ነጥብ ብትነካ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ስለዚህ «ዋና» አቃፊ ውስጥ ያለን የወርድ ፋይል ከፍታችሁ «ሴቭ» ብትሉ፣ ፎቶ ብታዞሩ፣ ፒዲኤፉን እንደገና ብታወጡ አለቀ፤ ለዓይን ምንም የተለወጠ ነገር ባይኖርም ሃሹ ሌላ ነው።

ቴሌግራም ላይ ተጠንቀቁ። ፎቶን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ ሌላ ፋይል ሆኖ ነው የሚደርሰው። እንደ ፋይል ላኩት።

የሰው መረጃ፦ ኢንተርኔት ላይ የሚሄደው ሃሹ እንጂ ሰነዱ አይደለም። እንዲህ ነው መሆን ያለበትም። ስም፣ ስልክ፣ የጣት አሻራ ያለበትን ሰነድ በቀጥታ ብሎክቼን ላይ የሚጽፍ አገልግሎት አትጠቀሙ። እዚያ የገባ አይጠፋም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ሰው የሚዘርፈው ብርቅ ዛፍ ወይም የአውሬ መደበቂያ ያለበትን ነጥብም በይፋ አትልቀቁ።

## ደረጃ 5፦ እሰሩት

1. የኦፕንታይምስታምፕስ ድረ ገጽን ክፈቱ፤ አድራሻው ኦፕንታይምስታምፕስ ነጥብ ኦርግ ነው።
2. የመጀመሪያውን ፋይል ማሰሪያው ሳጥን ውስጥ ጎትታችሁ ጣሉ። ሃሹ የሚወጣው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው፤ ፋይሉ አይሄድም።
3. መጨረሻው ኦቲኤስ የሚል ትንሽ ፋይል ይወርዳል። ይህ ደረሰኛችሁ ነው። ከዋናው ፋይል አጠገብ አስቀምጡት።
4. ለእያንዳንዱ ፋይል ለየብቻ ድገሙት። መጨረሻ ላይ የሃሾቹን ዝርዝርም እሰሩ።

ሁሉንም ጠቅልላችሁ በአንድ ዚፕ አትሰሩ። ነገ ፍርድ ቤት ካርታውን ብቻ ማሳየት ትፈልጉ ይሆናል፤ በአንድ ዚፕ ከታሰረ የሁሉንም ሰው ፊርማና ስልክ አብራችሁ ማውጣት ግድ ይሆናል። ለየብቻ ማሰር የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይኼ ይሻላል።

ኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ዋናውን ፍላሽ አትሰኩ። ፋይል የሚደብቅና የሚቀይር ቫይረስ አሁንም በየካፌው አለ። የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከስልካችሁ ኢንተርኔት አጋሩት።

## ደረጃ 6፦ ጠብቁ፣ አሟሉ፣ አረጋግጡ

ደረሰኙ በወረደበት ቅጽበት ገና ያልተሟላ ነው። የኦፕንታይምስታምፕስ አገልጋይ ኮምፒውተሮች የብዙ ሰው ሃሽ አንድ ላይ ጠቅልለው ቢትኮይን ላይ እስኪያሰፍሩት ሰዓታት ይወስዳል። ሰው «ሠርቷል» ብሎ ይሄድና አይመለስም። ይህን አታድርጉ።

1. በማግሥቱ ወደ ድረ ገጹ ተመለሱ።
2. የኦቲኤስ ፋይሉን ማረጋገጫው ሳጥን ውስጥ፣ ከዚያ ዋናውን ፋይል ጣሉ።
3. የቢትኮይን ብሎክ ቁጥርና ቀን ከታየ ተሟልቷል። ገጹ የተሟላ ደረሰኝ ካወረደላችሁ አሮጌውን በእሱ ተኩ።
4. «በመጠባበቅ ላይ» የሚል መልእክት ከመጣ አትደናገጡ፤ ከአንድ ቀን በኋላ ሞክሩ።

ኮምፒውተር የሚችል ልጅ በቀዬው ካለ በፓይተን የሚሠራውን የኦፕንታይምስታምፕስ ፕሮግራም ይጫንላችሁ። አፕግሬድ የሚለው ትዕዛዝ ደረሰኙን ያሟላዋል። የተሟላ ደረሰኝ የአገልጋዮቹን ዕድሜ አይጠብቅም፤ እነሱ ነገ ቢዘጉም ከቢትኮይኑ መዝገብ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ያልተሟላው ግን ከእነሱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

የሚታየው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሰዓቱም በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከታየ የእኛ 3 ሰዓት ይቀድመዋል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ነገ ሰው እንዳይምታታ ሁለቱንም አቆጣጠር አስቀምጡ።

## ደረጃ 7፦ ሃሹን ወደ ሕዝቡ መልሱት

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ብዙ መመሪያ አይጠቅሰውም። አንድ ሰው አሥር የተለያየ ካርታ ሠርቶ አሥሩንም ማሰር ይችላል። ቢትኮይን የትኛው የማኅበሩ እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ጉባኤው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉባኤ የካርታውና የደንቡ ሃሽ የመጀመሪያ ስምንትና የመጨረሻ ስምንት ፊደላት ጮክ ተብለው ይነበቡ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፉ፣ ሰው ይፈርም። ያ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ስካን ተደርጎ ይታሰር። የሱ ሃሽ በቀጣዩ ላይ ይጻፍ። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ቃለ ጉባኤ ያለፈውን ይይዛል። ከመካከል አንዱን ማውጣት የፈለገ ሰው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሁሉ መቀየር ይኖርበታል፤ የታሰሩ ስለሆኑ አይችልም።

ሦስቱን ፍላሽ ለተመረጡት ሦስት ሰዎች ስጡ። አንዱ ከቀበሌው ውጭ ይቀመጥ፤ ወረዳ ከተማ ወይም አዲስ አበባ የሚኖር የቀዬው ልጅ ጋ። የታተመ ቅጂ ለቀበሌና ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስገቡና የገቢ ቁጥር ተቀበሉ።

## ደረጃ 8፦ የደኑን ጤና በየወቅቱ መዝግቡ

ወሰን ብቻ ማሰር ግማሽ ሥራ ነው። ደኑ እየተጠበቀ እንደሆነ ማሳየት አለባችሁ።

የፎቶ ነጥብ። ከስድስት እስከ አሥር ቦታ ምረጡና ችካል ትከሉ። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ ከዚያው ችካል፣ ወደዚያው አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። አንድ ሰው 2 ሜትር እንጨት ይዞ ይቁም፤ የዛፉ ቁመት በእሱ ይነበባል።

ቆጠራ። በ20 በ20 ሜትር ቋሚ መደቦች ገመድ ዘርጉ። የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ቁጠሩ። የተተከለ ቁጥር ለሪፖርት ያምራል፤ ስለ ደኑ የሚናገረው ግን የጸደቀው ነው። ከጉቶ ያንሰራራውንም ለየብቻ ጻፉ። ወላይታ ውስጥ በሁምቦ 2,728 ሄክታር በዋናነት የተመለሰው ጉቶና ሥሩ እንዲያንሰራራ በመጠበቅ ነው።

ሳተላይት። ሴንቲነል-2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያነሳቸው ምስሎች በኮፐርኒከስ ብራውዘር ላይ በነፃ ይገኛሉ። ዝርዝሩ 10 ሜትር ነው። ክረምት በደመና ይሸፈናል፤ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ምረጡ፣ በየዓመቱም ያንኑ ወር። የኅዳርን አረንጓዴ ከሚያዝያ ጋር ማወዳደር ሐሰተኛ ውጤት ይሰጣል።

ሁሉንም በደረጃ 4፣ 5 እና 6 መንገድ እሰሩ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ቃጠሎ ወይም ምንጣሮ ሲደርስ ግን ቀን አትጠብቁ፤ ያን ዕለት ፎቶ አንሱ፣ ያን ዕለት እሰሩ። መጥፎውንም መዝግቡ። መልካም ዜና ብቻ ያለበትን መዝገብ ማንም ሰው፣ ማንም ዳኛ አያምንም።

## የካርቦን ነጋዴ ሲመጣ

መዝገባችሁ ሲያምር «ደናችሁን ቶከን እናድርገውና ካርቦኑን እንሽጥላችሁ» የሚል ሰው ይመጣል። የሚሸጠው ደኑ ከአየር ለሚያስቀረው ካርቦን የሚሰጥ ክሬዲት ነው። ቃለ ጉባኤ ሳይኖር ማንም አይፈርም። ማነው የሚመዘግበው? በየትኛው መለኪያ? ለስንት ዓመት? ደኑ ቢቃጠል ማን ይከፍላል? መልሱን በአማርኛ ወይም በአካባቢያችሁ ቋንቋ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዓለም ትልልቅ የካርቦን መዝጋቢዎች አንዱ የሆነው ቬራ በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጥቅም ላይ ከዋሉ ክሬዲቶች ቶከን ማውጣትን አግዷል፤ ለምን እንዳገደ ነጋዴውን ጠይቁት። ሁምቦ ላይ ከካርቦን ሽያጩ በፊት ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የተጠቃሚነት መብታቸው ተረጋግጧል። እናንተም ከዚህ በታች አትውረዱ።

## ሲበላሽ

«ፋይሉ ከደረሰኙ ጋር አይገጥምም» ካለ፦ ደረሰኙ አልተበላሸም፤ ፋይሉ ተነክቷል። ሦስቱንም ፍላሽ ሰብስቡና የእያንዳንዱን ቅጂ ሃሽ ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩ። የሚገጥመው እሱ ነው ዋናው።

ደረሰኙ ከጠፋ፦ ዋናውን ፋይል እንደገና እሰሩት። ቀኑ የዛሬ ይሆናል። የቀድሞውን ቀን የሚደግፍላችሁ ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ሃሽ ነው፤ ደረጃ 7ን አጥብቄ የነገርኳችሁም ለዚህ ነው።

ካርታው ስህተት ከሆነ፦ አሮጌውን አትሰርዙ። አዲስ ሠርታችሁ «የ03 ማረሚያ» በሉት፤ ምን እንደተቀየረና ማን እንደወሰነ ጻፉ፣ እሰሩ። ሁለቱም ይቀመጡ።

ክርክር ከተነሳ፦ የታተመውን ሰነድ፣ ፋይሉን በፍላሽ፣ ደረሰኙን፣ እንዲሁም እንዴት እንደሚረጋገጥ የሚያስረዳ አንድ ገጽ አቅርቡ። ማረጋገጡ በዳኛው ፊት እንዲሠራ ጠይቁ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ን የሚያውቅ ጠበቃ ያዙ። ወሰኑ ላይ ቆመው የፈረሙትንም ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ። ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው።

ኮሚቴው ሲቀየር፦ ርክክቡ በፍላሽ ቁጥር አይሁን። አዲሱ ኮሚቴ በአሮጌው ፊት እያንዳንዱን ፋይል ከደረሰኙ ጋር ያረጋግጥ፣ የገጠመውንና ያልገጠመውን ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ያልገጠመ ካለ ከፊርማው በፊት ይፈለግ። የርክክቡ ወረቀትም ያን ሳምንት ስካን ተደርጎ ይታሰር።